ሳይረን ፍሬን አይሆንም

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት አንድ የፖሊስ ፒክአፕ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ ሳይረኑን እያስጮኸ ይከንፋል እንበል። መንገድ ዳር ከቆሙት አንዱ «ይሄ ሰውዬ ሰው ሊጨርስ ነው!» ይላል። ሌላው «ተወው፣ ሥራው ነው፤ ደግሞም የሠለጠነ ነው» ይላል። ሁለቱንም ተሳስታችኋል ማለት አይቻልም። ፖሊስ አንዳንዴ መፍጠን አለበት። ሥልጠናም ለውጥ ያመጣል። ግን የፈጣን መንዳት ሥልጠና ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል። ነዳጅ መርገጥና መሪ መጠምዘዝ የትምህርቱ ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ሩቅ ማየትንና በጊዜ መተውን በመማር ነው።

እስቲ ከሒሳቡ እንጀምር።

10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በሰዓት 80 የሚነዳ ሰው ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በ100 ስድስት ደቂቃ፣ በ120 ደግሞ አምስት ደቂቃ። ከ80 ወደ 120 የወጣ ሹፌር ያተረፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ደም ለሚፈሰው ሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ዋጋውን ግን እንይ። መኪና ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ጉልበት በሙሉ ፍሬኑ ነው ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚቀይረው። ስለዚህ ከ80 ወደ 120 የወጣው ሹፌር ፍሬን ይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ጎማውም ፍሬኑም ደህና ነው፣ ሹፌሩም ባየ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ፍሬን ይይዛል እንበል። በ80 የሚነዳው 57 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በ100 የሚነዳው 83 ሜትር፣ በ120 የሚነዳው 112 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የእንጅባራ ክረምት ሲመጣ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይረዝማሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ በ100፣ ሌላው በ120። ከፊታቸው በሬ ገባ። ሁለቱም ሹፌሮች እኩል አዩ፣ እኩል ፍሬን ያዙ። በ100 የሚነዳው በሬው አፍንጫ ሥር ቀጥ አለ። እዚያችው ቦታ ላይ ሁለተኛው መኪና በስንት ፍጥነት የሚያልፍ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው «በ20» ይላል፤ ልዩነታቸው 20 ነዋ። መልሱ ከ70 በላይ ነው። 20 ብቻ ጨመርኩ ያለው ሰው በሬውን የሚመታው ከተማ ውስጥ መኪና ከሚነዳበት በሚበልጥ ፍጥነት ነው። በሬው ቦታ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ቢሆንስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በ65 የተገጨ እግረኛ በ50 ከተገጨው ይልቅ የመሞት ዕድሉ 4.5 እጥፍ ነው።

ሳይረኑ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አንዲት ቁጥር አይቀይርም። ሳይረን «እባካችሁ አሳልፉኝ» የሚል ጩኸት ነው። የሰማ ያሳልፋል። ያልሰማስ? መስታወቱን ዘግቶ ዘፈን የከፈተ የአይሱዙ ሹፌር ከኋላው የሚመጣውን ሳይረን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። መኪናው መንገዱ ላይ ቆሟል፣ ሳይረኑን 100 ሜትር ሲቀርበው ሰማ እንበል። ፖሊሱ በ60 የሚመጣ ከሆነ ሹፌሩ ዳር ለመያዝ ስድስት ሰከንድ አለው። በ120 የሚመጣ ከሆነ ሦስት ሰከንድ። ሳይረኑ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን በግማሽ አጠረ። ፖሊሱ በፈጠነ ቁጥር ሳይረኑ እየደከመ ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለሥልጣን ስብሰባ እንዳይረፍድበት ሳይረን እያስጮኹ ማጀብ ልማድ ሆኗል። ሕዝቡ ሳይረን ሲሰማ «ደግሞ ማን ሊያልፍ ነው?» ማለት ከጀመረ፣ እውነተኛው አምቡላንስ ሲመጣ ቶሎ የሚለቅለት ሰው ይቀንሳል።

ሕጉስ ምን ይላል? በእኛም አገር በሌላውም፣ ለድንገተኛ ጥሪ የሚሮጡ ተሽከርካሪዎች፣ ማለትም ፖሊስ፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ፣ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። በእንግሊዝ ፖሊስ ለሥራ ሲጣደፍ የፍጥነት ገደብ ላይመለከተው ይችላል። በአደገኛ ሁኔታ ማሽከርከርን የሚከለክለው ሕግ ግን እሱንም ይመለከተዋል። እንዲያውም እስከ ቅርብ ጊዜ የእንግሊዝ ፖሊስ አደጋ ካደረሰ ይመዘን የነበረው እንደ ማንኛውም ሹፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ይህን ቀየረ። አሁን የሚጠየቀው «ተመሳሳይ ሥልጠና የወሰደ ጠንቃቃና ብቁ ፖሊስ እንዲህ ይነዳ ነበር ወይ?» ተብሎ ነው። ሕጉ ፖሊሱን የሚያየው በሥልጠናው ልክ ነው። ሥልጠናውን ያልወሰደ ሰው በዩኒፎርሙ ብቻ በዚህ መለኪያ ሊጠቀም አይችልም። እኔ ይህን እደግፋለሁ። መንጃ ፈቃድ ያለው ፖሊስ ሁሉ ሳይረን ይዞ መፍጠን የለበትም።

ታዲያ ሥልጠናው ምንድን ነው? ስሙ የገነነው የለንደን ፖሊስ መንጃ ትምህርት ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሄንደን በሚባል ሰፈር የተቋቋመ። ያኔ የለንደን ፖሊስ መኪኖች ራሳቸው ብዙ አደጋ ያደርሱ ነበር። መፍትሔው ሹፌሮቹን እንደገና ማስተማር ሆነ። ዛሬም ለድንገተኛ ጥሪ የሚነዳ የእንግሊዝ ፖሊስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ይሠለጥናል። ለማሳደድና ለኃይለኛ መኪና ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ሥልጠና አለ። አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በተከለለ ሜዳ ላይ አይደለም። አሠልጣኙ ከጎን ተቀምጦ፣ ሕዝብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

የትምህርቱ ዋና ሕግ አንድ ነው፦ ክፍት ሆኖ በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ንዱ። ቀላል ይመስላል። ማታ ሞክሩት። አጭሩ መብራት መንገዱን የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው። ከላይ ባየነው ሒሳብ በ50 ሜትር ውስጥ መቆም የሚችለው ከ70 ብዙም ያልበለጠ ሹፌር ነው፤ ያውም በደረቅ መንገድ። ጋቢ የለበሰ ሰው ከሩቅ ይታያል። ጠቆር ያለ ቁምጣና ኮት ለብሶ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ግን መብራቱ እላዩ ላይ ካላረፈ አይታይም።

ኩርባ ላይ ይህን ሕግ የሚያሠሩበት ዘዴ አላቸው። ለኔ ከሥልጠናው ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው። ኩርባ ስትገቡ ከፊታችሁ የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ የሚገናኙ የሚመስሉበት ቦታ አለ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይታይም። ዓይናችሁን እዚያ ላይ ትከሉ። ያ ቦታ ወደ እናንተ እየቀረበ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነው፣ ቀንሱ። ባለበት እኩል ከእናንተ ጋር የሚሄድ ከሆነ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። እየሸሸ ከሄደ መንገዱ እየተከፈተ ነው፤ ያኔ ነዳጅ መስጠት ይቻላል። ፍሬን የሚያዘውም ሆነ ማርሽ የሚቀየረው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት ነው። ጎማ መዞርንም መቆምንም እኩል ሲጠየቅ አንዱን ይተዋል።

ሌላው ትምህርት ጮክ ብሎ ማውራት ነው። ሠልጣኙ እየነዳ ያየውን ሁሉ ይናገራል፣ አሠልጣኙ ይሰማል። በእኛ መንገድ ቢሆን እንዲህ ይመስላል፦ «ከፊት ቅጥቅጥ ቀኝ ዳር ቆሟል። በሩ ክፍት ነው፣ ረዳቱ ወርዷል። በፊቱ ሰው ሊሻገር ይችላል፣ ቀነስኩ። ግራ ላይ ሁለት አህዮች አሉ፣ ባለቤታቸው ቀኝ ላይ ነው፤ ወይ እሱ ወይ እነሱ ይሻገራሉ። ከኋላ ሲኖትራክ ተጠግቶኛል። ከፊት መንገዱ ተሰወረ፣ ቁልቁለት ሳይሆን አይቀርም።» ይህን ሁሉ እየተናገረ መንዳት ያቃተው ሰው ለማየት ጊዜ አጥቷል ማለት ነው። ለዓይኑ በጣም ፈጥኗል። አሠልጣኙ የፍጥነት መለኪያውን ሳያይ በሠልጣኙ ዝምታ ብቻ ያውቅበታል። እኔ ወንበዴ ከማሳደድ ይልቅ ይህ ትምህርት ለሚኒባስ ሹፌር ሁሉ ቢሰጥ እላለሁ።

ብዙ ሰው የሚገርመው መንሸራተትን የመቆጣጠር ትምህርት ነገር ነው። መኪናን ሆን ብሎ አንሸራትቶ ማቃናት ለማየት ደስ ይላል። በኖርዌይና በፊንላንድ የተደረጉ ጥናቶች ግን እንዲህ ዓይነት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሹፌሮች አንዳንዴ አደጋቸው እንደጨመረ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ቢንሸራተትም አቃናዋለሁ» ያለ ሰው ከመንሸራተቱ በፊት አይቀንስም።

የመኪናው ነገርም አለ። የእኛ ፖሊስ በብዛት የሚነዳው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ለጭቃና ለጉድጓድ የተሠራ ነው፤ ከፍ ያለ ነው፣ ከኋላ ቀላል ነው። ከኋላው አግዳሚ ተደርጎለት መሣሪያ የያዙ ስድስት ሰባት ሰዎች ሲቀመጡበት ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሹፌሩ መሪውን ድንገት ሲያዞር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። የኋላዎቹ ቀበቶ የላቸውም። የሚይዙት የመኪናውን ብረት ነው፣ እሱም አንድ እጃቸው ከመሣሪያው ከተረፈ። ሰው ከኋላ ጭኖ ማሳደድ ጭራሽ መታሰብ የለበትም። አሳዳጁ ከተሳዳጁ በላይ ሰው ሊያስጨርስ ይችላል።

ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ከደጀን እስከ ህዳሴ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናን ከ1,000 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ ማውረድ በሰዓት 100 የሚሄደውን ያንኑ መኪና 25 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ሙቀት ይፈጥራል። ለዚህ ነው የጭነት መኪና ሹፌሮች ማርሽ ቀንሰው በሞተር እየያዙ የሚወርዱት። እዚያ ላይ የሚያሳድድና የሚሳደድ ሹፌር ግን በየኩርባው ፍሬን ይረግጣል፣ ኩርባውን ሲጨርስ ነዳጅ ይሰጣል። ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል። ያን ጊዜ ሥልጠና ያለውም የሌለውም አንድ ናቸው። ከታች ደግሞ ተሳቢ የጫነ መኪና ዳገቱን እያቃሰተ እየወጣ ነው፤ ከኋላው ሦስት አራት ሚኒባስ «ልቅደም» እያለ አንገቱን ያሰግጋል።

ማሳደድን ለብቻው ላንሳው፤ ከሁሉም አደገኛው እሱ ነው። ለድንገተኛ ጥሪ የሚሮጥ ፖሊስ ፍጥነቱን የሚወስነው ራሱ ነው። በማሳደድ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የሚሸሸው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ደንግጧል፣ ምናልባት ጠጥቷል፣ ሳይረን የለውም። በአሜሪካ በየዓመቱ በፖሊስ ማሳደድ ሰበብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ። ከሟቾቹም መንገዳቸውን ሲሄዱ የነበሩ፣ በነገሩ የሌሉበት አሉ።

ከዚያው አገር አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጆርጂያ ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በሰዓት 88 በሚፈቀድበት መንገድ በ117 ገደማ ሲነዳ ተገኘ። ቁም ቢባል አልቆመም። ማሳደዱ ከረረ፤ በመጨረሻ ፖሊሱ ከኋላ ገጨው። መኪናው ተገለበጠ፣ ልጁ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2007 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 ለፖሊሱ ፈረደ፤ ሽሽቱ ሌሎችን ለአደጋ ያጋለጠ ነበርና። በሕግ ረገድ ነገሩ እዚያ አለቀ። ለእኔ ግን ጥያቄው አላለቀም። የነገሩ መነሻ የፍጥነት ቅጣት ነበር፤ ያውም ታርጋው ከታየ መኪና።

ሰውን ወደዚህ የሚያደርሰው እልህ ነው። «ከእኔ ሊያመልጥ?» የሚል ነገር። ልብ ሲመታ ዓይን ይጠባል፤ ሹፌሩ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እንጂ ዳርና ዳሩን አያይም። ይህ የጀግንነትም የፍርሃትም ጉዳይ አይደለም፣ የሰው ገላ እንዲህ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ደህና አሠራር ያላቸው ፖሊሶች ውሳኔውን ከሹፌሩ ላይ አንስተው በሬዲዮ መገናኛ ክፍል ለተቀመጠ፣ ልቡ ላልሞቀ አለቃ ይሰጣሉ። ሹፌሩ ምክንያቱን፣ ፍጥነቱን፣ የመንገዱንና የአየሩን ሁኔታ፣ ሰው መኖር አለመኖሩን ይናገራል። አለቃው «ቀጥል» ወይም «ተው» ይላል። ተው ከተባለ ሳይረን ይጠፋል፣ መኪናው ይቀንሳል፣ አለቀ።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ተው ማለት ከብዙ ቦታ ይቀላል። መንገዱን አስቡት። ዋናው መንገድ ከደጀን ተነስቶ በሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላና መራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሌላው በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት በኩል ይዞራል። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምት፣ እንጅባራ ላይ ወደ ቻግኒ ይገነጠላል። ከደምበጫ በዋናው መንገድ ወደ ባሕር ዳር የበረረ መኪና ፍኖተ ሰላምን ሳይነካ ወዴት ይሄዳል? ታርጋውንና ቀለሙን በስልክ መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመኪናው ታርጋ ከታወቀ ደግሞ ባለቤቱን ነገ ቤቱ ሄዶ ማግኘት ይቻላል።

ከፊት የሚጠብቁትም ቢሆኑ ዘዴ ያስፈልጋቸዋል። ኩርባ ጨርሶ በሚመጣበት ቦታ ገመድ መዘርጋት፣ ወይም ጭነት መኪና መንገድ ላይ ማጋደም፣ ተፈላጊውን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሚኒባስም ይዞ ይሄዳል። ኬላ ከሩቅ መታየት አለበት፣ ሌላው ሕዝብ አስቀድሞ መቆም አለበት። በሌሎች አገሮች ጎማ የሚያተነፍስ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት መንገድ ላይ ይዘረጋሉ። ክፍት የሆነው ጎማው በአንዴ እንዳይፈነዳና ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ነው። እሱን ሲዘረጉ ተገጭተው የሞቱ ፖሊሶችም አሉ። የሚሸሸውን መኪና የኋላ ጎኑን ገፍቶ ዞሮ እንዲቆም ማድረግም አለ፤ ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ ተቋማት ግን በዝቅተኛ ፍጥነት ካልሆነ አይፈቅዱትም። ከፍ ባለ መኪና ላይ ያው መገልበጥ ነው። ባጃጅ ላይማ አይታሰብም።

ስለ ባጃጅ ካነሳን ባሕር ዳርን እንይ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ሰፊ ነው፤ ሰፊ መንገድ ደግሞ እግርን ይፈትናል። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። በ60 የሚሻገረው 23 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ በ120 የሚሻገረው 11 ሰከንድ ተኩል። ያተረፋት 11 ሰከንድ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ በባጃጅና በብስክሌት መሀል ታልቃለች። ከተማ ውስጥ ጊዜ የሚገኘው መስቀለኛ መንገድን ሳይቆሙ፣ ግን እየቀነሱና እያዩ በማለፍ ነው። የሳይረኑን ድምፅ ቀደም ብሎ መለዋወጥም ይረዳል፤ ሰው የተለመደ ድምፅ ሲቀየር ቀና ይላል።

እኛስ ሳይረን ስንሰማ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ድምፅ ከተማ ውስጥ ያታልላል። ካወቃችሁ በኋላ ፍሬቻ አሳዩ፣ ቀኝ ዳር ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ባላችሁበት ድንገት ፍሬን አትያዙ፤ ፖሊሱ እናንተን ለመዝለል ግራ ሊወጣ ይገደዳል። ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ የዳገት ጫፍ ላይ ከሆናችሁ አትቁሙ፤ ቀጥሉና ክፍት ቦታ ስታገኙ ልቀቁለት። ከፖሊሱ ኋላ ተለጥፎ መንገድ መቁረጥ የሚወድ ሹፌር አለ፤ እሱ በተለይ ሊቀጣ ይገባል።

ከብት የምትነዱ ከሆነ ለማሻገር አትሞክሩ። ባሉበት ዳር ሰብስቧቸው፤ ግማሹ ከተሻገረ ሌላው ይከተላል። ልጆች ጓደኞቻቸው ወይም ቤታቸው ወዳለበት ዳር ይሮጣሉ። ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ «ና» ብላችሁ አትጥሩት፣ ሄዳችሁ እጁን ያዙ።

ፖሊሱ ካለፈ በኋላ ወዲያው ወደ መንገዱ አትመለሱ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ መኪና ይከተላል፤ የሁለቱ ሳይረን አንድ ላይ ስለሚሰማ ሰው አንድ መኪና ብቻ ያለ ይመስለዋል። መስታወቱን ዝቅ አድርጉ፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ እዩ፣ ድምፁ ከአንድ ወገን ብቻ መሆኑን ስታረጋግጡ ቀጥሉ።